ለፊደላችን አንድ ሰው እንቅጠር

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ላስቀምጠው። በዳላስና በፎርት ዎርዝ ዙሪያ ያለን ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችና ምሩቃን ገንዘብ አዋጥተን አንድ የሙሉ ጊዜ ፕሮግራመር መቅጠር አለብን እላለሁ። የሚቀጠረው ሰው አዲስ አፕ እንዲሠራልን አይደለም። የግእዝ ፊደል በኮምፒዩተርና በስልክ ላይ እንዲጻፍ፣ እንዲነበብና እንዲፈለግ የሚያደርጉ የኦፕን ሶርስ ሥራዎች አሉ፤ በአብዛኛው እስከ ዛሬ በበጎ ፈቃደኞች ትከሻ ላይ የቆዩ ናቸው። ሰውየው ወይም ሴትዮዋ እነሱን ይንከባከባሉ።

ኦፕን ሶርስ የሚለውን ቃል ለማያውቅ አንባቢ፦ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ማንም ሊጠቀምበት፣ ሊያርመውና ለሌላ ሊያካፍለው የሚችል ሶፍትዌር ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ደግሞ ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህን ሐሳብ ለጓደኞቼ ሳነሣ የሚመልሱልኝ አንድ ነገር ነው፦ "አማርኛ እኮ ስልኬ ላይ አለ፤ ምን ጎደለ?" ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ያለው ነገር ከየት መጣ?

ወላጆቻችን በዘጠናዎቹ ውስጥ በኮምፒዩተር አማርኛ ሲጽፉ እያንዳንዱ ሶፍትዌር የየራሱ ኮድ ነበረው። በቪዥዋል ግእዝ የተጻፈ ደብዳቤ በፓወር ግእዝ እንደ ልብ አይከፈትም። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ከተከፈተ ደግሞ የሚታየው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። የዚያ ዘመን ብዙ ጽሑፍ ዛሬም በእንዲህ ያለ ፋይል ውስጥ ተቆልፎ ተቀምጧል።

ይህን ችግር የፈታው ዩኒኮድ ነው። ዩኒኮድ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ ቁጥር የሚሰጥ መስፈርት ሲሆን ግእዝ የገባው በሴፕቴምበር 1999 በወጣው 3.0 ስሪት ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሥራውን ይዘው የቆዩት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ኢሜይል የላቲን ፊደል ብቻ በሚያስተላልፍበት ጊዜ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ አማርኛን በላቲን ፊደል በሥርዓት ለመጻፍ "ሴራ" የተባለውን ዘዴ አዘጋጁ። ዛሬ የላቲኑን ቁልፍ በድምፁ እየነካን ግእዝ የምናወጣበት አሠራር የዚያ ሐሳብ ዘመድ ነው። ዳንኤል ያዕቆብ በግእዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን በኩል ለአማርኛ፣ ለትግርኛ፣ ለግእዝ፣ ለብሊንና ለሌሎችም ቋንቋዎች ኪቦርዶችን ማዘጋጀቱን ቀጥሏል። ፊደላቱን ወደ ዩኒኮድ የማስገባቱም ሥራ አላበቃም። በ2005፣ በ2010 እና በ2021 ተጨማሪ ፊደላት ገብተዋል። የመጨረሻዎቹ 28 ሲሆኑ ለጉራጊኛ አዲስ የአጻጻፍ ሥርዓት የሚያስፈልጉ ናቸው።

ፊደል በዩኒኮድ ተመዘገበ ማለት ግን ሥራው ተጀመረ ማለት ነው እንጂ አለቀ ማለት አይደለም። ቁጥር የተሰጠውን ፊደል ፎንት ሠሪው ሊስለው ይገባል። ኪቦርዱ ሊያወጣው ይገባል። ስልኩ አዲሱን ፎንት ካልያዘ አንባቢው የሚያየው ባዶ ሳጥን ነው። ጉራጌ አያቱ ባሉበት ቤት ያደገ ልጅ ለአያቱ በቋንቋቸው መልእክት ልጻፍ ቢል፣ አማርኛ ስልኩ ላይ መኖሩ ብቻውን ምን ይጠቅመዋል? ትላልቆቹ ኩባንያዎች አማርኛን የሚያስቡት ተናጋሪው ብዙ ስለሆነ ነው። ብሊን፣ ጉሙዝ፣ ባስኬቶ፣ መኤን ለሚናገረው ሰው ያን ያህል አይጣደፉም። እዚያ ቦታ ላይ ያለው በጎ ፈቃደኛው ነው።

አማርኛም ቢሆን አላለቀለትም። "ፀሐይ" ብሎ የጻፈውን ጽሑፍ "ጸሀይ" ብሎ የፈለገ ሰው ብዙ ጊዜ አያገኘውም። ለእኛ አንድ ድምፅ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ ለኮምፒዩተሩ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። መፍትሔው ከባድ ምርምር አይጠይቅም። በየፕሮጀክቱ እየገቡ ማስተካከል፣ መሞከር፣ ደግሞ መሞከር ነው የሚጠይቀው። ይህ ማንም ቅዳሜ ማታ ቁጭ ብሎ ሊሠራው የማይመኘው ዓይነት ሥራ ነው።

ከዚህ በላይ ደግሞ የዓመቱ ግብር አለ። አፕልና ጉግል በየዓመቱ አዲስ የስልክ ሲስተም ያወጣሉ። ጉግል ፕሌይ አፖች ከአዲሱ አንድሮይድ ጋር እንዲስተካከሉ በየጊዜው ይጠይቃል፤ ያልተስተካከለ አፕ አዲስ ስልክ ለገዛ ሰው ከመደብሩ ይሰወርበታል። አፕል በበኩሉ አፕ ለሚያወጣ ሰው በዓመት 99 ዶላር ያስከፍላል። ስለዚህ አንድ ኪቦርድ ምንም ስሕተት ሳይኖርበት ዝም ተብሎ ስለ ተተወ ብቻ ሊሞት ይችላል። አጥር እንኳ ዓመት በዓመት ካልታደሰ ይወድቃል።

በከተማችን ያለው ምሳሌ

ሰው በደመወዝ ተቀጥሮ ነጻ ሶፍትዌር ይሠራል ሲባል እርስ በርሱ የሚጋጭ የሚመስለው አለ። ለእሱ የማቀርበው ማስረጃ ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ዳላስ ነው። በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ፣ በካምፕ ዊዝደም መንገድ፣ ለዐሥርት ዓመታት ማእከሉን ያደረገ ኤስ.አይ.ኤል. የሚባል ድርጅት አለ። በ1934 ለመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች የቋንቋ ጥናት ሥልጠና በመስጠት የተጀመረ ክርስቲያናዊ ድርጅት ሲሆን፣ የዓለምን ቋንቋዎች የሚዘረዝረውን ኤትኖሎግንም የሚያሳትም እሱ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀውን "አቢሲኒካ" የተባለውን የግእዝ ፎንት አዘጋጅቶ በነጻ የሰጠን እሱ ነው። ያ ፎንት የወጣበት የነጻ ፎንት ፈቃድም የዚሁ ድርጅት ሥራ ነው፤ ዛሬ በዓለም ላይ ብዙ ነጻ ፎንቶች የሚሰራጩት በዚሁ ፈቃድ ነው።

ለእኔ ጉዳይ የሚበልጠው ግን የኪማን ታሪክ ነው። ኪማን ማንኛውንም ቋንቋ ለመጻፍ ኪቦርድ መሥራት የሚያስችል ሶፍትዌር ነው። ማርክ ደርዲን የተባለ አውስትራሊያዊ በ1993 ጀመረው፤ በመጀመሪያ የታሰበው ለላኦ ቋንቋ ነበር። ከዚያ ከሃያ ዓመት በላይ በትንሽ ኩባንያ ስም እየሸጠ፣ ከሽያጩ እየኖረ አቆየው። በ2015 ኤስ.አይ.ኤል. ኪማንን ተረከበ፤ ደርዲንም ድርጅቱ ውስጥ ሆኖ ሥራውን ቀጠለ። ኮዱ ተከፈተ፤ በ2018 የወጣው 10ኛው ስሪት ደግሞ ለሁሉም ሰው በነጻ ተለቀቀ። ዛሬ ከ2,000 በላይ ለሆኑ ቋንቋዎች ኪቦርድ ይገኝበታል።

ነገሩን ልብ በሉት። ሠሪው ደመወዝ ሳይኖረው ሶፍትዌሩ ይሸጥ ነበር፤ ሠሪው ደመወዝ ሲያገኝ ሶፍትዌሩ ነጻ ሆነ። ደመወዙ ነጻነቱን አልወሰደበትም፤ ሰጠው እንጂ።

የፈቃደኞቹም ቦታ አልጠበበም። የኪማንን ሞተር የሚጠብቁት ተቀጣሪዎች ናቸው፤ የየቋንቋውን ኪቦርድ የሚያመጡት ደግሞ በብዛት ከየአገሩ ያሉ ፈቃደኞች። ከላይ ያነሣኋቸው የግእዝ ፍሮንቲየር ኪቦርዶችም በዚህ መንገድ የሚሰራጩ ናቸው። ስለዚህ ሞተሩ ጠባቂ አለው። የእኛ ፊደል ያለበት ክፍል ግን እንዲህ ያለ የሙሉ ጊዜ ጠባቂ የለውም። እኔ የምለው ክፍተት ይህ ነው። የሚያስገርመው ደግሞ ክፍተቱን እንዴት መሙላት እንደሚቻል ያሳየን ድርጅት ከጋርላንድ በመኪና ብዙ በማይርቅ ሰፈር ውስጥ የኖረ መሆኑ ነው።

ጠባቂ ያጣ ሥራ ምን ይሆናል?

በኤፕሪል 2014 "ሃርትብሊድ" የሚባል ቀዳዳ በኦፕን ኤስ.ኤስ.ኤል. ውስጥ ተገኘ። ይህ ሶፍትዌር በኢንተርኔት የምንልከውን የይለፍ ቃልና የባንክ ቁጥር ከሰው ዓይን የሚሸፍን ነው። በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ድረ ገጾች ይጠቀሙበት ነበር። ዜናው ሲመረመር የወጣው ነገር ከቀዳዳው የባሰ ነበር፦ የዚህ ሁሉ መሠረት የሆነው ፕሮጀክት በስጦታ የሚያገኘው በዓመት 2,000 ዶላር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ሙሉ ጊዜውን የሰጠው ሰው አንድ ነበር። ኩባንያዎቹ ከደነገጡ በኋላ በሊኑክስ ፋውንዴሽን በኩል ገንዘብ አዋጡ፤ ሁለት የሙሉ ጊዜ ሠራተኞችም ደመወዝ ተቆረጠላቸው። ከጥፋት በኋላ የተደረገው ከጥፋት በፊት ሊደረግ ይችል ነበር።

በማርች 2024 ደግሞ የኤክስ ዜድ ነገር መጣ። ፋይል የሚያጨቅ ትንሽ ሶፍትዌር ነው፤ የሚጠብቀውም አንድ ፈቃደኛ ነበር። ሰውየው ከሁለት ዓመት በፊት ሥራው ያለ ክፍያ የሚሠራው መሆኑን፣ ጤንነቱም እንዳልተመቸው በግልጽ ተናግሮ ነበር። በዚያ ድካሙ ላይ አንድ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው "ላግዝህ" እያለ ቀረበ፤ ከሁለት ዓመት በላይ ጥሩ ሥራ እየሠራ እምነት ካገኘ በኋላ የተደበቀ በር ከፈተበት። የተያዘው በአጋጣሚ ነው። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ኮምፒዩተሩ ከወትሮው ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበትና ምክንያቱን ፈለገ።

ኪቦርድ ከባንክ ቁጥር ጋር ምን አገናኘው የሚል ካለ፣ ኪቦርድ የምንጽፈውን ሁሉ የሚያይ ሶፍትዌር መሆኑን ያስብ። ለእናታችን የምንጽፈውን ያያል፤ የይለፍ ቃላችንንም ያያል። የደከመው ፈቃደኛ ኪቦርዱን ለማያውቀው "ረዳት" ቢያስረክብ ማን ያውቅብናል?

"ገንዘብ ሲገባ ፍቅር ይወጣል"

ይህ የምሰማው ጠንካራ ተቃውሞ ነው፤ ማስረጃም አለው። በ2006 ዴቢያን የተባለው ትልቅ የፈቃደኞች ፕሮጀክት አዲሱን ስሪት በዲሴምበር 4 ለማውጣት አስቦ ነበር። ከፕሮጀክቱ ውጭ የተቋቋመ ቡድን ሥራውን ለማፋጠን ብሎ ለሁለት ኃላፊዎች የአንድ አንድ ወር ደመወዝ ለመክፈል ተነሣ። ብዙ ፈቃደኞች ቅር ተሰኙ። "እኛስ በነጻ የምንሠራው ለምንድን ነው?" አሉ፤ ሥራቸውን የቀነሱም ነበሩ። ስሪቱ የወጣው በኤፕሪል 8፣ 2007 ነው። ለማፋጠን የተከፈለው ገንዘብ ከመዘግየት አላዳነውም።

ግን ደግሞ ጃንጎን እንይ። ጃንጎ ብዙዎቻችን በክፍል የተማርነው ድረ ገጽ መሥሪያ ነው። ከ2014 ጀምሮ የጃንጎ ፋውንዴሽን "ፌሎው" ብሎ ሰው ይቀጥራል፤ የመጀመሪያው ቲም ግራሃም ነበር። የፌሎው ዋና ሥራ አዲስ ነገር መፍጠር አይደለም። የሚመጡትን አቤቱታዎች ያነባል፣ ፈቃደኞች የላኩትን ኮድ ይገመግማል፣ የደኅንነት ችግር ሲመጣ ይይዛል፣ አዲሱን ስሪት በቀኑ ያወጣል። ይህ አሠራር ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቷል፤ ፈቃደኞቹም አልሸሹም።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? በዴቢያን ጊዜ የተከፈለው ሌሎች በነጻ ለሚሠሩት ለዚያው ዓይነት ሥራ ነበር፤ የተወሰነውም ሁሉ ሳይስማማበት ነው። በጃንጎ የተከፈለው ግን ሌላው ለማይወደው ሥራ ነው፤ ፈቃደኛው የላከው ኮድ ለወራት መልስ ሳያገኝ እንዳይቀመጥ ነው። ተቀጣሪው የፈቃደኞቹ አገልጋይ ሆነ እንጂ ተፎካካሪያቸው አልሆነም።

ይህን ለመረዳት እኛ ከማንም የተሻልን ነን፤ እድር አለንና። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ሲሞት እድርተኛው ለለቅሶ የሚወጣው ተከፍሎት አይደለም። ዳኛውም በአብዛኛው በነጻ ያገለግላል። ግን በጠዋት ጥሩንባ የሚነፋው ሰው፣ ድንኳኑንና ወንበሩን የሚጠብቀው ሰው አበል አለው። ማንም "ኀዘናችን ተሸጠ" አይልም። ድንኳኑ አይጥ እንዳይበላው በየቀኑ የሚያየው ሰው ያስፈልጋል፤ እድርተኛው ሁሉ በየቀኑ ሊያየው አይችልም። እዚህም በየአጥቢያችን ሰበካ ጉባኤው ያለ ደመወዝ ያገለግላል፤ ለካህኑ ግን ደመወዝ ይቆረጥለታል። አገልግሎቱ በዚህ ምክንያት ረከሰ ያለ ሰው አላጋጠመኝም። ለመዋጮና ለጠባቂ ደመወዝ አዲስ አይደለንም። የጎደለን ሶፍትዌርም ድንኳን መሆኑን ማየት ነው።

ለምን ተማሪዎች ብቻ አንሠራውም?

አንዳንዱ ጓደኛዬ "ማኅበራችን ውስጥ ስንት ኮምፒዩተር ሳይንስ የሚማር አለ፤ ለምን ራሳችን አንይዘውም?" ይለኛል። ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ በከፊልም እስማማለሁ። ችግሩ የተማሪ ጊዜ ነው። በሴፕቴምበር እንጀምራለን፣ በዲሴምበር ፈተና ይመጣል፣ በሜይ እንመረቃለን፣ ከዚያ አንዱ ሲያትል ሌላው ኦስቲን ይሄዳል። የይለፍ ቃሉን የያዘው ልጅ ስልኩን ሲቀይር ፕሮጀክቱ አብሮት ይጠፋል። በተማሪ ቪዛ ያለን ደግሞ ያለ ፈቃድ ከግቢ ውጭ ተቀጥረን መሥራት አንችልም፤ ስለዚህ ሥራውን ለአንዱ ተማሪ በክፍያ መስጠትም ቀላል አይደለም።

ተማሪ የሚችለው ሌላ ነገር አለ። ስሕተት ፈልጎ ማመልከት፣ ኪቦርድ በተለያየ ስልክ ላይ መሞከር፣ ቃላት መሰብሰብ፣ ትንሽ ኮድ ጽፎ መላክ ይችላል። ይህ ሁሉ ግን የሚቀበለው ሰው ይፈልጋል። የላከው ኮድ ስምንት ወር መልስ ያላገኘ ተማሪ ሁለተኛ አይልክም። በሁለት ቀን ውስጥ "አመሰግናለሁ፣ እዚህ ጋ እንዲህ ብታደርገው" የሚል መልስ ያገኘ ግን ይመለሳል። እንግዲህ አንድ ሰው መቅጠር ማለት ሃምሳ ፈቃደኞችን ሥራ ማስያዝ ማለት ነው።

ገንዘቡስ?

ሒሳቡን በግልጽ እንሥራው። ዳላስ ውስጥ ልምድ ያለው ፕሮግራመር ከነጥቅማ ጥቅሙ በዓመት 120,000 ዶላር ይፈጃል ብለን እንያዝ። በወር 10 ዶላር የሚሰጡ 1,000 ሰዎች ያስፈልጋሉ ማለት ነው። ከባድ ነው። እኔ የምመርጠው ግን ሌላ መንገድ ነው፤ ሰውየውን አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ላይ እንቅጠር። በወር 10 ዶላር የሚሰጡ 300 ሰዎች በዓመት 36,000 ዶላር ያዋጣሉ። አገር ቤት ላለ ጎበዝ ምሩቅ ይህ ሌላ ሥራ እንዳያማትር የሚያደርግ ደመወዝ ነው፤ ለኢንተርኔትና ለመሞከሪያ ስልኮችም ይተርፋል። በርካሽ እንቅጠር ማለቴም አይደለም። ጉራጊኛውን የሚጽፈው መምህር፣ አሮጌ ስልክ የያዘው ተማሪ፣ በአማርኛ የምትሠራው የቀበሌ ጸሐፊ ያሉት እዚያ ነው። ችግሩ ካለበት ቦታ ያለ ሰው ችግሩን ቀድሞ ያየዋል።

300 ሰው ከየት ይመጣል? በ2018 ዳያስፖራው "በቀን አንድ ዶላር" ተብሎ ሲጠየቅ ከብዙ አገር ሰጥቷል፤ ሚሊዮን ዶላሮችም ተሰብስበዋል። እኔ የምጠይቀው በሦስት ቀን አንድ ዶላር ነው። ከዚህ አካባቢ ኮሌጆች ተመርቀው በፕላኖ፣ በሪቻርድሰንና በአርቪንግ በትላልቅ ኩባንያዎች የሚሠሩ ታላላቆቻችን ደግሞ አንድ ነገር ቢያጣሩ ደስ ይለኛል፦ ብዙ አሠሪዎች ሠራተኛቸው ለታወቀ በጎ አድራጎት ድርጅት የሰጠውን ያህል ከራሳቸው ይጨምራሉ። ያኔ 10 ዶላሩ 20 ይሆናል።

"አገር ቤት በጦርነትና በረሃብ ሰው እየተጎዳ ስለ ኪቦርድ ታወራለህ ወይ?" የሚለኝን ሰው ቃል ቀላል አድርጌ አላየውም። ለተራበ ሰው የሚሰጠው ይቅደም። ነገር ግን የ10 ዶላሩ ጥያቄ ከእርዳታው ላይ እንዲቀነስ የሚጠይቅ አይደለም፤ ከቡናችን ላይ የሚነሣ ነው። ደግሞም ጤና ጣቢያው መዝገቡን፣ ትምህርት ቤቱ መጽሐፉን በኮምፒዩተር ሲያዘጋጅ በየትኛው ፊደል ይጽፋል? የፊደሉ ሥራ ከሌላው ሥራ ሁሉ ሥር ያለ ነው።

እንዴት እንጀምር?

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበኝ አደራው ነው። ስለዚህ ጥቂት ደንቦች ላቅርብ።

አንደኛ፣ አዲስ ድርጅት አናቋቁም። ከግብር ነጻ በሆነ፣ ሒሳቡ በሚታይ፣ አስቀድሞ በቆመ ድርጅት ሥር እናስገባው። ማኅበር ማቋቋም እንወዳለን፤ ማኅበር ማቆየት ግን ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛ፣ ከመቅጠራችን በፊት ሥራውን ዛሬ የሚሠሩትን ሰዎች እንጠይቅ። የግእዝ ፍሮንቲየርንና የኪማንን ሰዎች "የቱ ይከብዳችኋል?" እንበላቸው። የሥራው ዝርዝር ከእነሱ ይምጣ። የዴቢያን ትምህርት ይኸው ነው፤ ፈቃደኛው ያልተስማማበት ቅጥር ዕርቅ የሚፈልግ ጠብ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ውሉ ሁለት ዓመት ይሁን። ደመወዙ ለሁሉም ይታወቅ። በየወሩ መጨረሻ አንድ ገጽ ሪፖርት ይውጣ፦ ስንት ስሕተት ታረመ፣ የስንት ፈቃደኛ ኮድ ተገምግሞ ገባ፣ ምን ቀረ።

አራተኛ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሥራ መጻፍ ይሁን። የትኛው ኮድ የት አለ፣ አዲስ ስሪት እንዴት ይወጣል፣ የይለፍ ቃሉን እነማን ይዘዋል የሚለው ሁሉ ይመዝገብ። ከአንድ ፈቃደኛ ጥገኝነት ወጥተን በአንድ ተቀጣሪ ላይ ጥገኛ ከሆንን ምንም አልሠራንም። የምንቀጥረው ሰው ነገ ቢሄድ ሥራው የማይሄድበትን መንገድ ራሱ ያበጅልን።

አምስተኛ፣ ከሥራ ጊዜው አንድ ሦስተኛው ለአዳዲስ ፈቃደኞች ይሁን። በየሴሚስተሩ ከእኛ ማኅበር አምስት ተማሪ ቢመደብለትና አንዱ ቢዘልቅ፣ በአራት ዓመት ስምንት ሰው እናፈራለን። እነዚህ ስምንት ሰዎች ስንት ናቸው የሚል ካለ፣ እስከ ዛሬ ይህን ሥራ የተሸከሙት ሰዎች ስንት እንደሆኑ ይጠይቅ።

ለማኅበራችን አመራር የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባችን አጀንዳ ላይ ይህን ጉዳይ አንድ መስመር ስጡት። በዚህ አካባቢ ባሉ ሌሎች ኮሌጆች ላሉ እኅት ማኅበራትም ደብዳቤ እንጻፍ። ከዚያ በፊት ሦስት ሰዎች ተመርጠው ፕሮጀክቶቹን የሚጠብቁትን ሰዎች ያነጋግሩና ምን እንደሚያስፈልጋቸው ይዘውልን ይምጡ። ለምሩቃን ደግሞ፦ አሠሪዎ ስጦታን የሚያጣጣ መሆኑን ጠይቀው ለማኅበሩ በኢሜይል ያሳውቁን። ኢሜይሉን በአማርኛ ቢጽፉት ደስ ይለናል፤ እስካሁን ይሠራል።